የእናቶቻችንን ትውስታ ኮምፒውተር ይለካው?

የመርሳት በሽታ ያሠጋቸውን አረጋውያን የቃል ትውስታ በኮምፒውተር መፈተን ይበጃል ወይ? የምትደግፈው ቸርችል ጎዳና አካባቢ የምትሠራ ነርስ ናት። የሚቃወሙት ፒያሳ ያደጉ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ናቸው።

ነርሷ፦ ቤተሰብ እናቱን ይዞ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። «ያው እርጅና ነው» ሲባል ይከርምና፣ ወጥ ምድጃ ላይ ተረስቶ ቤቱ ሊቃጠል ሲል። ቀድሞ የሚያሳይ ነገር የምፈልገው ለዚህ ነው። አንዱ የታወቀ ፈተና 15 ቃላት አሉት። ይነበቡላቸዋል፣ ያስታወሱትን ይናገራሉ፣ ይህ 5 ጊዜ ይደገማል። ከ30 ደቂቃ ገደማ በኋላ እንደገና ይጠየቃሉ። እውነቱን ልናገር፦ ጠዋት ረጋ ብዬ አነባለሁ፤ ከሰዓት ወረፋው ሲበዛ እሮጣለሁ። ሲሳሳቱም ፊቴ ያሳብቅብኛል። ኮምፒውተሩ ለሁሉም በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ፍጥነት ያነባል።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ድካምሽ ይገባኛል። ግን የታላቅ እህቴን ልንገርሽ። እንዲህ ላለ ፈተና ማዳመጫ አደረጉላት። «ወንዝ» ሲላት «ወንድ» አለች። «ጤፍ» ሲላት ዝም። እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ፣ እንዳጠፋ ተማሪ አቀረቀረች። ውጤቱ መጥፎ ነው ተባለ፤ ልጆቿ አለቀሱ። በኋላ ሌላ ቦታ ስትታይ ጆሮዋ በኩክ ተደፍኗል!

በጽሑፍ ይቅረብ ትዪኝ ይሆናል። እስቲ «ገና» ብለሽ ስክሪን ላይ ጻፊ። በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚባለው? ፊደላችን መጥበቅና መላላቱን አያሳይም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ልኩ ነው። ሞካ (MoCA) የሚባለው የማስታወስና የማሰብ ፈተና ከ30 ነጥብ 26ና ከዚያ በላይ ያመጣን ደህና ነው ይላል፤ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ 1 ነጥብ ይጨምራል። ፊደል ላልቆጠረች እናት 1 ነጥብ ምን ትሆናታለች? በቤቷ ጉራጊኛ፣ በገበያ አማርኛ ለምትናገረዋስ?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ስለ ጆሮው እውነትዎን ነው፤ ከፈተናው በፊት መታየት ነበረበት። ልኩም ከኛው አረጋውያን መውጣት አለበት። ይህ ግን በወረቀት የምንሰጠው ፈተናም ችግር ነው። ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን አይደለም የሚታየው። አንዷ በራሷ አታስታውስም፤ «ከነዚህ የቱን ሰምተዋል?» ሲሏት ግን ትለያለች። ቃሉ ገብቷል፣ ማውጣቱ ነው ያቃታት። ሌላዋ ያኔም አትለይም። እሷ ታሳስበኛለች። ድባቴ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርም ትውስታ ያዳክማሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። ስንጠብቅ የሚያልፈን ይህ ጊዜ ነው።

መምህሩ፦ እህቴ በቅርቡ ፒያሳ ወርዳ መንገድ ጠፋት። ልጆቿ «ጃጀች» ብለው ደነገጡ። ያደገችበት ሰፈር እኮ ፈርሷል፤ እኔም ጠፍቶኛል! ይህን ጠይቆ የሚረዳት ሰው ነው። ቁጥሩ ለልጆቿ ከመነገሩ በፊት አንድ ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያናግራት። ያን እስካላየሁ አልደግፍም።