ብሎክቼይን ድሮም ነበረን

ባለፈው ሐሙስ አንድ ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። ርዕሱ «ብሎክቼይን፣ ዲጂታል መታወቂያና የግል መረጃ ጥበቃ» ይላል። የሆቴሉ በር ላይ ጥበቃው መታወቂያዬን ተቀብሎ ስሜን፣ ስልኬንና የመታወቂያ ቁጥሬን ደብተሩ ላይ ገለበጠ። ለካ የመረጃ ጥበቃ የሚሉት እሱን ነው። የሰው መረጃ ሁሉ ያለው እሱ ደብተር ላይ ነው።

አዳራሹ በር ላይ ደግሞ ሌላ ወረቀት ይጠብቃል፦ ስም፣ ስልክ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ ፊርማ። አበል አለ ማለት ነው። ከእኔ በፊት የፈረሙትን የ23 ሰዎች ሂሳብ ቁጥር ተረጋግቼ አነበብኩና ስለ ምስጢር ልማር ገባሁ።

አቅራቢው ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጠቋሚ መብራት የያዘ ሰው ነው። «በብሎክቼይን መረጃ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ቅጂው ብዙ ቦታ ይበተናል። አንዴ የገባ አይሰረዝም። ማንም ብቻውን ሊያጠፋው አይችልም» አለ። ደረቴ በኩራት ተነፋ። ይሄማ የኔ መታወቂያ ኮፒ ነው! በብሎክቼይን የሚሠራው ዲጂታል ገንዘብ ቢትኮይን ሥራ የጀመረው በታህሳስ 2001 ነው። እኛ ያኔ ስንት ዓመት ኮፒ ስንበትን ኖረናል።

እስቲ የኔን ኮፒ እንከተለው። ቤት ስከራይ አንድ ለደላላው፣ አንድ ለአከራይዋ እትዬ። ሲም ካርድ ሳወጣ አንድ። ሂሳብ ስከፍት ሁለት፣ ከጉርድ ፎቶ ጋር። የእህቴ ልጅ ሥራ ሲቀጠር ዋስ ሆኜ ሦስት፤ አንደኛው ስለጠፋባቸው አራት። ስፖርት ቤት አንድ። (ለመሮጥ መታወቂያ ለምን እንደሚያስፈልግ ዛሬም አልገባኝም፤ ሮጬ እንዳላመልጥ ይሆናል።) እትዬ ቤታቸውን ሲሸጡ ፋይላቸው ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ተሸጠ። የልጅ ልጃቸው ጀርባዬ ላይ ዶሮ ስላ ነበር፤ ዶሮዋም አብራ ተሸጠች። ጋዜጣውን ባለሱቁ ገዛው። እኔን እስካሁን አላገኘሁትም። ግን አንድ ማታ የገዛሁትን ቆሎ ጨርሼ ወረቀቱን ስዘረጋው አንዲት የማላውቃት ሴት ታየኛለች። ስሟ፣ የእናቷ ስም፣ የትውልድ ዘመኗ፣ የቤት ቁጥሯ፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪዋ። ፊቷ ግን በኮፒው ጠቁሮ አይለይም። ምስጢር ጥበቃ ይሏችኋል ይሄ ነው።

ከቴክኖሎጂው የጎደለን ነገር የለም። እነሱ እያንዳንዱ ብሎክ (የመዝገቡ አንድ ገጽ በሉት) ላይ የቀደመውን ብሎክ የሒሳብ አሻራ ያሳርፋሉ፤ አንዲት ፊደል ከተነካች አሻራው አይገጥምም። እኛ ክብ ማህተም አለን። እነሱ መዝገቡ እውነት ነው ለማለት የብዙ ኮምፒውተር ስምምነት ይፈልጋሉ። እኛ ሦስት ምስክር። እነሱ ማይኒንግ አላቸው፤ አዲስ ብሎክ ለመጨመር ኮምፒውተሮች ብዙ ኤሌክትሪክ እየፈጁ የሚሽቀዳደሙበት። እኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወረፋ እንይዛለን፤ ጉልበቱም የዚያኑ ያህል ነው።

አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «መረጃዬ ይሰረዝልኝ ብልስ?» የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰጠውን መብት ነው የጠየቀው። አቅራቢው ፈገግ አለ። «ቴክኖሎጂው አይፈቅድም።» ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ግን ስንት ዓመት ተናግረውታል፦ የሰው ስምና የልደት ቀን መቼም ቢሆን የብሎኮቹ ሰንሰለት ላይ አይጫንም። መረጃው ባለቤቱ ስልክ ላይ ይቀራል፤ ሰንሰለቱ ላይ የሚወጣው ትክክለኛነቱን ለማመሳከር የሚበቃው ብቻ ነው። «18 ዓመት ሞልቶሃል?» ሲባል ስልኩ «አዎ» ይላል፤ የተወለድክበትን ቀን አይናገርም። ይቺ ስላይድ ነበረች። አቅራቢው «ትንሽ ቴክኒካል ናት» ብሎ ዘለላት። ሻይ ደርሶ ነበር።

እዚህ ጋ ሳቄ ይጠፋል። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ለዓመታት «ብሔር» የምትል መስመር ነበረች። ሩዋንዳ ውስጥ በ1986 ኬላ ላይ ሰው የሚታረደው መታወቂያው ላይ ያለችው አንዲት ቃል እየታየች ነበር። ያቺን ቃል የማይሰረዝ መዝገብ ላይ የሚጭናት ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል? እናንተስ «ለፋይል ነው» እያላችሁ የሰው ኮፒ የምትከምሩ፣ የያዛችሁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? መሳቢያችሁ እኮ ቁልፍ እንኳን የለውም!

ይቅርታ፤ ወደ አበሉ ልመለስ። ስብሰባው ሲያልቅ አንዷ አስተባባሪ ማይክ ይዛ፣ «ውድ ተሳታፊዎች፣ ለሂሳብ ክፍል የመታወቂያ ኮፒ አያይዙልን፤ ፊትና ጀርባ» አለች። ስለ ምስጢር ሲያጨበጭብ የዋለ አዳራሽ እንዳለ ከሆቴሉ ጀርባ ወዳለችው አንዲት ኮፒ ቤት ተንጋጋ። አቅራቢው ከፊቴ ተሰልፏል። መታወቂያውን መስታወቱ ላይ ረስቶት ሄደ፤ ሮጬ ሰጠሁት። አመሰገነኝ። ተወላጅነቱ ከየት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ስካን አደረገችና ስክሪኑ ላይ «አዲስ ፎልደር 7» የሚል ከፈተች። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ፊት ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ሶፍት ኮፒውን ላስቀምጥልህ? ሌላ ጊዜ መታወቂያ ይዘህ መምጣት አይጠበቅብህም።»

«አስቀምጪልኝ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። አሥር ብር ከፈልኩ።