ክብር ለጥብጣብ ዳኞች

ፈጣን ፍርድ ማየት የሚፈልግ ሰው ፍርድ ቤት ድረስ መንከራተት የለበትም። በርሊን ካለ ቅዳሜ ወይም እሑድ ወደ ጁን 17 ጎዳና ወርዶ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ጠረጴዛ አጠገብ ይቁም። ከተደረደረው ኮተት መሀል ከጣት የማትረዝም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጀርመን ጦር የጥብጣብ ባር አትጠፋም። ወታደሩ ሜዳልያውን ሁሉ ደረቱ ላይ እያንቃጨለ እንዳይውል በምትኩ የሚሰካት፣ ባለቀለም ጥብጣቦች የተሰፉባት ናት። ትንሿ የናዚ ምልክት፣ ስዋስቲካዋ ላይ ሻጩ ወረቀት ለጥፎባታል። ሕጉ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላላ።

ዳኛው ይመጣል፤ ዕቃው ኦሪጅናል ይሁን ፎርጅድ ሊፈርድ ራሱን በራሱ የሾመ አዋቂ ማለቴ ነው። ዕቃውን አይነካም፤ መንካት የተራ ሰው ነገር ነው። ቆም ብሎ ዓይኑን ያጠባል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ «ፎርጅድ ነው» ይላል። ምክንያቱን ብትጠይቁት «ደስ አላለኝም» ነው መልሱ። አቤት ዕውቀት! እኛ ምስኪኖቹ ማስረጃ ስንፈልግ ዕድሜያችንን ፈጀን።

እኔን በተለይ የሚያስደንቀኝ የአቋም ጽናታቸው ነው። ጥብጣቡ ንጹሕ ከሆነ፣ 80 ዓመት እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የሚቆይ ጨርቅ የለም፣ ፎርጅድ ነው። ከቆሸሸ ሻይ ውስጥ ነክረው ያስረጁት ነው፣ ፎርጅድ ነው። ስፌቱ ከተንሻፈፈ ጀርመን እንዲህ አይሰፋም። ቀጥ ካለ ደግሞ የትናንት ሥራ ነው። ኦሪጅናል ሆኖ የሚያልፈው ዳኛው ቤት፣ መስታወት ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

የመብራቷን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ከኪሱ ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት ያወጣል። ሐሳቡ መሠረት የለውም አይባልም። ጨርቅ የሚያነጡት ኬሚካሎች በብዛት የተስፋፉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፖሊስተርም ገበያውን ያጥለቀለቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ክሩ ወይም ጥብጣቡ በመብራቷ ሥር ቦግ ካለ ያስጠረጥራል። የኛ ዳኛ ግን መጠርጠር የሚባል ደረጃ አያውቅም። የሟች ባለቤት ኮቱን ከነጥብጣቡ በኦሞ አጥባው ቢሆንስ? ማንጫው እኮ ሳሙናው ውስጥ አለ! አይሰማችሁም፤ ያበራ ሁሉ ውሸት ነው። ካላበራስ? «የድሮ ጥብጣብ ጥቅልል አግኝተው ዛሬ የሰፉት ነው።» እንዲህ ነው ሳይንስ።

ክብሪት የያዘው ዳኛ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ከጠርዙ አንድ ክር መዘዝ ያደርግና ይለኩሰዋል። ቀልጦ ጠጠር ከሆነ ፖሊስተር ነው። አመድ ሆኖ የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተ ግን የጥጥ ወገን ነው። አንዷ ክር አታጠግብም፤ ሁለተኛ ይመዘዛል፣ ሦስተኛ ይደገማል። ኦሪጅናልነቱ ሲረጋገጥ የዕቃው ዳር ተተልትሎ አልቋል። ቢሆንም ተረጋግጧል!

ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1957 አንድ ሕግ አወጣች። የጦርነቱ ዘመን ሽልማቶች ስዋስቲካው ከወጣላቸው ማድረግ ይቻላል አለች። በ1955 የተመሠረተው አዲሱ የምዕራብ ጀርመን ጦር፣ ቡንደስቬር ውስጥ የገቡ የቀድሞ መኮንኖችም አዲስ ባር አሰፉ። ሰውየው እውነተኛ፣ ሽልማቱም በትክክል የተሰጠው፣ ክሩ ግን አዲስ። መብራቷ ሥር እንደ ገና ዛፍ ሊንቦገቦግ ይችላል። ይህን ምን እንበለው? ዳኛው አልተቸገረም፤ «ፎርጅድ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አልፏል።

በእርግጥ አንድ አሰልቺ መንገድም አለ። ማንበብ ይባላል። የብረት መስቀል የተባለው ሽልማት የ1939 ጥብጣቡ መሀሉ ሰፊ ቀይ፣ ዳርና ዳሩ ጥቁር ነው። የጦርነት አገልግሎት መስቀል የተባለው ሌላ ሽልማት ደግሞ ቀለሙን ገልብጦ ጥቁሩን መሀል፣ ቀዩን ዳር ያደርጋል። አብረው ከተሰፉ የብረት መስቀሉ ይቀድማል። በ1914 በጀመረው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የብረት መስቀል የተሸለመ ሰው በሁለተኛው ጦርነት ድጋሚ ሲሸለም፣ 1939 የሚል ዓመት የያዘች የንስር ምልክት በድሮው ጥቁርና ነጭ ጥብጣቡ ላይ ትሰካለታለች። ይህችን ንስር ቀዩ ጥብጣብ ላይ ካገኛችኋት፣ ያኔ ቅንድባችሁን ከፍ ብታደርጉ አልፈርድባችሁም። ይህ ሁሉ ግን መጽሐፍ መግለጥ ይጠይቃል። ዳኛ ደግሞ ጊዜ የለውም።

ዳኞቹ የባሯን ጀርባ ያዩት እንደሆነ ጭራሽ ይገረማሉ። «የጀርመን ባር ጀርባው እንዲህ አይደለም» ይላሉ። የቱ ጀርመን? ብዙውን ጊዜ ወታደሩ ራሱ ነበር ከሱቅ ወይም ከልብስ ሰፊ የሚገዛው። የአንዱ ጀርባ ጨርቅ፣ የሌላው ቆርቆሮ ነው። ደግሞስ በ1934 የተመሠረተውንና ከ8 ሚሊዮን ሰው በላይ የወሰደውን ሽልማት፣ የሂንደንቡርግ መስቀልን ጥብጣብ አስመስሎ የሚሠራ ሌባ ምን ያህል ሥራ ቢፈታ ነው?

ደግነታቸውን ሳልመሰክር አልቀርም። ፍርዱን ሰጥተው ዝም ብለው አይሄዱም፤ ለሻጩ ያዝኑለታል።

«ለማንኛውም ስንት ነው?»

«40 ዩሮ።»

«ለፎርጅድ? በ10 ልገላግልህ።»