የተጠመደ ወጥመድ ያገኘ ሰው ምን ያድርግ?

በጎጃም በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ቀን ጠባቂ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ይውላል። ሌሊት የሚመጡትን ጃርትና ከርከሮ ለመያዝ ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ ሽቦ በሸምቀቆ ቋጥረው የሚያጠምዱ አሉ። ችግሩ የሚብሰው አዝመራው ከገባ በኋላ ነው። ከብቱ አገዳው ላይ ሲለቀቅ ማንም ያላነሳው ሽቦ እዚያው ተዘርግቶ ይጠብቃል፤ የሚይዘው ጥጃ ይሁን የእረኛ እግር አይለይም።

ይህን ሽቦ ያገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ ጠቅልሎ ይሄዳል። «ሜዳ ላይ የወደቀ ነው» ይላል፤ ወይም «ሕገወጥ ስለሆነ ብወስደው ማን ይጠይቀኛል?» ይላል። ሁለቱም አያስኬዱም። የተጠመደ ወጥመድ የጠፋ ዕቃ አይደለም፤ ባለቤቱ አውቆ ያስቀመጠው ነው። በእርግጥ የጠፋ ቢሆን እንኳ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አግኚው እንዲያስታውቅና ባለቤቱ እንዲያውቅ የሚያስፈልገውን እንዲያደርግ ያዛል። የ1999ኙ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን መከልከሉም ሽቦውን የአግኚው አያደርገውም። ደግሞ የተወሰደ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ተመልሶ ይጠመዳል፤ ታዲያ ምን ተረፈ?

እንዳለ ትቶ ማለፍም ልክ አይደለም። በሰው ይዞታ ውስጥ ከሆነ ባለማሳውን ጠርቶ እንዲያነሳ መንገር ይገባል። በወል ግጦሽ፣ በውኃ መውረጃ መንገድ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ከሆነ ግን ባለቤቱ እስኪገኝ አይጠበቅም፤ ማክሸፍ፣ ከዚያ ለቀበሌው ማስረከብ ነው።

አከሻሸፉ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሽቦው የታሰረበትን በዓይን መከተል ነው። ጉቶ ላይ ከሆነ ቀላል ነው። የታሰረው በተጎነበሰ ቅርንጫፍ ላይ ከሆነ ግን ቅርንጫፉ ሲፈታ ፊት ይመታል፤ ስለዚህ ወደ ጎን ቆሞ በረጅም እንጨት ማስፈንጠር ያስፈልጋል። ጥርስ ያለው የብረት ወጥመድም መሃሉን በእንጨት ተጭኖ ይዘጋል፤ በእግር መሞከር አጥንት ያሰብራል። በመጨረሻ ሽቦውን ከእስራቱ መፍታት ነው። መሃሉን ቆርጦ መሄድ ቀለበቱን መሬት ላይ ይተወዋል።

ጥጃ ተይዞ ከተገኘ መጎተት የለበትም፤ በጎተተ ቁጥር ሸምቀቆው ይጠብቃል። ዓይኑን በጋቢ ሸፍኖ ወደ ጉቶው ማስጠጋት፣ ሽቦው ሲላላ ቀለበቱን ማስፋት ነው። በፒንሳ የሚቆረጥ ከሆነም ቀለበቱ ራሱ ይቆረጥ፤ ቀለበቱን ከጉቶው ጋር ያገናኘው ሽቦ ብቻ ከተቆረጠ ጥጃው ቀለበቱን እግሩ ላይ ይዞ ይሮጣል፣ ሽቦውም ሥጋውን እየበላ ይቀጥላል። ከሽቦው በታች ያለው እግር ከቀዘቀዘ ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል። ሚዳቋ ከሆነ የተያዘው፣ «ያጠመድኩት እኔ አይደለሁም» ብሎ አርዶ ሥጋውን መውሰድ ከአጥማጁ ጋር በአንድ ጥፋት መግባት ነው።

ትልቁ ዕዳ ግን የአጥማጁ ነው። ሰብሉ መጠበቅ እንዳለበት አያከራክርም፤ ከርከሮ በአንድ ሌሊት የሚያወድመውን በቆሎ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም ሽቦ አጥምዶ መርሳት ጎረቤትን ማጥመድ ነው። የቀበሌ አስተዳደሮች ከብት ወደ ማሳ ከመለቀቁ በፊት አጥሩን ከባለማሳዎቹ ጋር ዞሮ ማየትን ግዴታ ቢያደርጉ፣ ሽቦው እረኛ ሳያገኘው ይነሳል።