ቤቱን የገዛ ይኑርበት

ለንደን የሚኖር አንድ ወዳጄ ባለፈው ዓመት በዌልስ ገጠር ቤት የመግዛት ሐሳብ እንዳለው ነግሮኝ ምክሬን ጠየቀኝ። ለንደን ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርታማ በሚገዛበት ገንዘብ እዚያ ጓሮ ያለው የድንጋይ ቤት ማግኘት እንደሚችል አስልቷል፤ ስሌቱም ትክክል ነው። ዕቅዱ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት እየሄደ ሊያርፍበት፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ ለዕረፍት ለሚመጡ ሰዎች ሊያከራየው ነበር። እኔም «ልትኖርበት ከሆነ ግዛው፤ ካልሆነ ግን ተወው» አልኩት። ምክሬ ስለከበደው ምክንያቴን በጽሑፍ ላስረዳ።

የብዙ የዌልስ መንደሮች ስም «ላን» በሚለው ቃል ይጀምራል። ቃሉ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ማለት ሲሆን ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የቅዱሱ ስም ነው። መንደር በደብሩ ስም በሚጠራበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜን ምዕራቧ በግዊኔድ አውራጃ ከነዋሪው 64 በመቶ ያህሉ ዌልስኛ ይናገራል፤ በመላው ዌልስ ግን በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሕዝብ ቆጠራ መሠረት ተናጋሪው ወደ 538,000 ሰው፣ ማለትም 17.8 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ትንንሽ መንደሮች ቋንቋው ልጅ ከልጅ፣ ባለሱቅ ከደንበኛ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይታሰብበት የሚነጋገርበት የመጨረሻ መጠጊያ ናቸው። መንደሩ ሰው ሲያጣ ቋንቋውም የሚናገረው ያጣል።

የአበርሶክን ነገር እንመልከት። በሊን ባሕረ ገብ መሬት ላይ የምትገኝ፣ በአሸዋማ ዳርቻዋ የታወቀች መንደር ናት። በበጋ መኪና ማቆሚያ አይገኝባትም። በክረምት ግን መስኮቶቿ ከሞላ ጎደል ጨለማ ናቸው፤ ምክንያቱም ከቤቶቿ እጅግ ብዙዎቹ የዕረፍት ቤቶች ናቸው። ወደ 100 ዓመት የተጠጋው የመንደሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በታኅሣሥ 2021 ሲዘጋ የቀሩት ተማሪዎች 10 እንኳ አይሞሉም ነበር። ትምህርት ቤቱን ማንም በክፋት አልዘጋውም። እያንዳንዱ ገዢ አንድ ቤት ብቻ ነው የገዛው፤ ነገር ግን በዓመት አሥር ወር የተቆለፈ ቤት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አይልክም፣ በጥር ወር ከሱቁ ዳቦ አይገዛም፣ የታመመ ጎረቤት አይጠይቅም።

የዌልስ መንግሥት ይህን አይቶ ዝም አላለም። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች በሁለተኛ ቤቶች ላይ ከመደበኛው የቤት ግብር በላይ እስከ 300 በመቶ እንዲጨምሩ ተፈቅዶላቸዋል፤ ግዊኔድም በዚያው ዓመት 150 በመቶ ጨመረ፤ ይህም ማለት ባለቤቱ የጎረቤቱን ሁለት እጥፍ ተኩል ይከፍላል ማለት ነው። በግዢው ጊዜ የሚከፈለውም ይለያያል፦ በ180,000 ፓውንድ ቤት የሚገዛ ሰው ሊኖርበት ከሆነና ሌላ ቤት ከሌለው የግዢ ግብር አይከፍልም፣ በሌላ ቤት ላይ ደርቦ የሚገዛው ግን ከታኅሣሥ 2024 ወዲህ 9,000 ፓውንድ ይጠየቃል። ግዊኔድ በመስከረም 2024 ከዚህም አልፎ መኖሪያ ቤትን ወደ ዕረፍት ቤት ለመለወጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ደንብ አወጣ፤ ደንቡም ፍርድ ቤት ድረስ አከራክሯል።

ተቃዋሚዎቹ የሚያነሱት ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ዕድሜ ልኳን የሠራችበትን ቤት ሸጣ በእርጅናዋ መጦሪያ የምትሻ የመንደሩ ተወላጅ፣ የተሻለ ዋጋ የሚከፍላትን የከተማ ሰው ለምን ትመልስ? ከእንግዶች በሚገኝ ገቢ የሚተዳደረው ምግብ ቤትስ? ግብር ብቻውን አዲስ ቤት እንደማይሠራም አውቃለሁ። ሆኖም ሻጯ አንድ ጊዜ የምታገኘው ብልጫ፣ ልጅ ልጆቿ በተወለዱበት መንደር ቤት ሊገዙ የማይችሉበትን ዋጋ ይተክላል። ስለዚህ የሕጉ አቅጣጫ ትክክል ነው እላለሁ፤ ጭማሪው ግብር ግን ለአካባቢው ወጣቶች ቤት ለማቅረብ ሊውል ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስሕተት አለ፤ ነገሩን የተወላጅና የመጤ ጠብ ማድረግ። ከ1979 እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ200 በላይ የዕረፍት ቤቶች ሆን ተብሎ በእሳት ተለኩሰዋል፤ ይህ ምንም ዓይነት ምክንያት የማያጸድቀው ወንጀል ነበር። በአንጻሩ በዚያው በሊን ባሕረ ገብ መሬት የላናኤልሃያርን መንደር ታሪክ አለ። በማንቸስተር የተወለደው ሐኪም ካርል ክሎውዝ በ1970 ከቤተሰቡ ጋር ወደዚያ ገብቶ የመንደሩ ሐኪም ሆነ። የመንደሩ ትምህርት ቤት የመዘጋት አደጋ ሲያንዣብብበት ከነዋሪዎቹ ጋር ተሟገተ፤ በ1974 ደግሞ ነዋሪው የራሱን ሥራ የሚፈጥርበትን የኅብረት ማኅበር አብሯቸው አቋቋመ። ከዚያም በአቅራቢያው ድንጋይ ማውጣቱ ቆሞ ሰው ጥሎት የሄደው ናንት ጉርቴይርን የተባለ መንደር በ1978 ተገዝቶ የዌልስኛ ቋንቋ መማሪያ ማእከል እንዲሆን መንገዱን መራ። ሰውየው መጤ ነበር፤ ግን ኖረበት። እኔ የምለየው በዚህ ነው።

ሊኖርበት የሚገዛም ቢሆን ዐይኑን ገልጦ ይግዛ። በብዙዎቹ መንደሮች የቧንቧ ጋዝ የለም፤ ቤቱ የሚሞቀው በዘይት ወይም በማገዶ ነው። ፍሳሹ ወደ ጋራ መስመር ሳይሆን ጓሮ ወደተቀበረ ታንከር ሊገባ ይችላል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ እርጥበት ይይዛል፣ የጣሪያው ሰሌዳ ድንጋይም የሚያውቀው ባለሙያ ይሻል። በደቡብ ሸለቆዎች የሚገዛ ሰው ከቤቱ በታች አሮጌ የከሰል ጉድጓድ መኖር አለመኖሩን ጠበቃው እንዲያጣራለት ያድርግ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ርካሽ ዋጋ ለምን ርካሽ እንደሆነ ይጠይቅ። በግዊኔድ ባሕር ዳር የምትገኘው ፌርቦርን ከባሕር ጠለል ጋር የተስተካከለች መንደር ናት፤ ባለሥልጣናቱ በዚህ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ከባሕር መከላከሉን ሊያቆሙ እንደሚችሉ ባሳወቁ ጊዜ የቤቶቹ ዋጋ ወደቀ፣ ባንኮችም ብድር ለመስጠት አመነቱ። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ቁርጥ ያለ መልስ ነው፤ እስካሁን ግን በጥርጣሬ ተይዘው ይኖራሉ።

ቋንቋውን በተመለከተ ወዳጄ «በዚህ ዕድሜዬ ዌልስኛ ልማር?» ብሎኝ ነበር። አዎን፣ ይማር። ቢያንስ «ቦሬ ዳ» ብሎ እንደምን አደራችሁ ማለት፣ የጎረቤቱን ስም በትክክል መጥራት፣ ልጆቹ በዌልስኛ ሲማሩ አለማጉረምረም። እኛ በሰው አገር ልጆቻችን አማርኛ እንዳይጠፋባቸው ቅዳሜና እሑድ ፊደል የምናስቆጥር ሰዎች፣ የሌላው ሕዝብ ቋንቋ በገዛ አገሩ ሲጠፋ የዳር ተመልካች ልንሆን አይገባም።

ወዳጄ ቤቱን እስካሁን አልገዛም። ባለፈው ሳምንት ሲደውልልኝ ግን የጠየቀኝ ስለ ኪራይ ገቢ አልነበረም። የመንደሩ ትምህርት ቤት ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበል እንደሆነ፣ ወደ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስም በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነበር።