«ጠላሁት» ያሉት ነርስ

አራት ሆነን ስናወራ፣ የአእምሮ ሕሙማንን የሚንከባከብ ሰው ስሜቱን ምን ያድርገው በሚል ተከራከርን። ክርክሩን ያስነሳው ወጣቱ ነው። በአእምሮ ሕክምና ዋርድ ነርስ ነው። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሳለ አንድ ታካሚ ክፉኛ ተረበሸ። ድምፅ ይሰማዋል፣ «ሊገድሉኝ መጡ» ይላል፣ ወንበር አንስቷል። በንግግር ሊያረጋጉት ለፉ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ተጋግዘው ያዙትና የማረጋጊያ መርፌ ተወጋ። እጁን የያዘው ይኸው ልጅ ነበር። ታካሚው ቀና ብሎ አየውና «አንተም?» አለው።

«ያቺ ቃል ቤቴ ስገባም አትለቀኝም» አለን። «በዚያው ምሽት አብረን ካርታ ስንጫወት ነበር እኮ።»

አንጋፋዋ ነርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተ ልጅ፣ ልብህን በር ላይ ትተህ ካልገባህ አትዘልቅም። እኔ ተሰድቤያለሁ፣ ተተፍቶብኛል። ሁሉንም ቤቴ ይዤ ብገባ ኖሮ እስከዛሬ አልቆይም ነበር።»

«እሺ ሲስተር፣ ግን በር ላይ የተዉት ልብ ሲወጡ ይገኛል?»

ይሄኔ ወንድሙ ሆስፒታል ተኝቶ የታከመው ጓደኛችን ገባ። «ይቅርታ አድርጉልኝና የምታወሩት ስለ ራሳችሁ ብቻ ነው። ወንድሜ ዛሬም የሚያነሳው መርፌውን አይደለም። በማግስቱ ቀርቦ ያናገረው ሰው አልነበረም። ምግብ ያመጡለታል፣ መድኃኒቱን ይሰጡታል፣ ዓይኑን ግን አያዩትም። ወንጀል የሠራ ነው የመሰለው።»

«ንቀውት መሰለህ?» አሉት ሲስተር፣ ቆጣ ብለው። «አፍረው ነው። ፈርተውም ነው። ትናንት ታግለህ የያዝከውን ሰው ዛሬ እንዴት አደርክ ማለት ቀላል እንዳይመስልህ።» ትንሽ ዝም አሉና ቀጠሉ። «እውነቱን ልንገራችሁ። ጠልቼው የማውቅ ታካሚ አለ። ደጋግሞ ይመታኝ ነበር። ሕመሙ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለተማሪዎችም የማስረዳው እኔ ነኝ። ግን ጠላሁት። ሲጠራኝ ያልሰማሁ መስዬ አልፌዋለሁ። ይኼን ለማን እነግራለሁ?»

«እኛ እኮ ሕመምተኞቻችንን አምነናችሁ ነው የምንሰጣችሁ!» አለ ጓደኛችን።

ወጣቱም አልተቀበላቸውም። «እኔ በሽተኛ አልጠላም። ስለምወዳቸው ነው ይኼን ሥራ የመረጥኩት።»

«ቆይ፣ ትደርስበታለህ» አሉት። ከፋው፣ ወሬውም እዚያ ላይ ተበላሸ።

እኔ ከሦስቱም ይበልጥ ያመንኩት ሲስተርን ነው። ያመንኳቸውም «ልብህን በር ላይ ተው» ያሉት ላይ ሳይሆን «ጠላሁት» ያሉት ላይ ነው። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ ዶናልድ ዊኒኮት ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ በግልጽ አስፍሮታል። በጠና የታመሙ የአእምሮ ሕሙማንን የሚንከባከብ ሰው ምንም ያህል ቢወዳቸው መጥላቱና መፍራቱ አይቀርም ይላል። ይህንን በራሱ ላይ ባወቀ ቁጥር ግን ጥላቻውና ፍርሃቱ በታካሚው ላይ የሚያደርገውን ነገር የመወሰን ጉልበት ያጣሉ። ሲስተር ያልሰሙ መስለው ያለፉት ስለጠሉ ብቻ አይመስለኝም። ጥላቻውን የሚናገሩበት ቦታ ስላልነበራቸው በእግራቸው ወጣ። ወጣቱ «አልጠላም» ማለቱ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

ልብን መቆለፍ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻም አይደለም። የሥነ ልቦና ተንታኟ ኢዛቤል ሜንዚስ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ አንድ የለንደን ሆስፒታል የጻፈችውን ላንሳ። የአእምሮ ሆስፒታል አልነበረም። ግን ሥራው ራሱ ነርሶች ከታካሚ ጋር እንዳይቀራረቡ ተደርጎ ተከፋፍሎ ነበር፤ በሽተኛ በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩ ይጠራ ነበር። ከጭንቀት ሊከላከል የመጣው አሠራር ጭንቀቱን አልቀነሰም፤ ብዙ ተማሪ ነርሶችም ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ይሄዱ ነበር።

ጓደኛችን የተቆጣበት ዝምታም መድኃኒት አለው። እንግሊዝ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ነርሲንግ ተመራማሪው ሌን ባወርስና ባልደረቦቹ በ15 ሆስፒታሎች፣ በ31 የአእምሮ ሕክምና ዋርዶች ሞክረውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት አሠራር 10 ተግባራት ነበሩት። አንዱ፣ የሚያስደነግጥ ነገር ከተፈጠረ በኋላ በዋርዱ ያለውን ታካሚ ሁሉ ቀርቦ ማናገር ነው። አሠራሩ በተተገበረባቸው ዋርዶች፣ ካልተተገበረባቸው ጋር ሲነጻጸር፣ እንደ መያዝ፣ ለብቻ መዝጋትና በግድ መወጋት ያሉ እርምጃዎች በ26.4 በመቶ ቀንሰዋል። ይህ የ10ሩም ድምር ውጤት ነው፤ ግን ማናገር ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚደረግ ቸርነት አለመሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ ወጣቱ ቢጠይቀኝ ወደ ታካሚው ሂድ እለዋለሁ። «ትናንት እጅህን የያዝኩት እኔ ነኝ። እንዳትጎዳም እንዳትጎዳንም ፈርቼ ነው። አንተስ ምን ተሰማህ?» ይበለውና ያድምጠው። የራሱን ድንጋጤ ግን በሽተኛው ላይ አያራግፍ። እሱን ከፈረቃ ርክክብ በፊት፣ አብረውት ከያዙት ሰዎች ጋር ተቀምጦ ይናገረው፤ «ጠላሁት» የሚል ካለም ሳይገመገም ይሰማ። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ዋርዱን የሚጠብቅ ሌላ ነርስም ያስፈልጋል፤ እሱን መመደብ የኃላፊዎቹ ሥራ ነው።