ዱባው አይሸጥም

ቅዳሜ ጠዋት የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ከኋላ የተቀመጡት ሴትዮ አንገታቸውን አውጥተው፣ «የኔ ልጅ፣ ዱባው በስንት ነው?» አሉኝ።

«አይሸጥም እማማ።»

«ታዲያ ለምን አወጣችሁት?»

ምን ብዬ ልመልስ? በአገራችን ከደጅ የወጣ ነገር ሁሉ ቋንቋ አለው። እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ «ጠላ አለ» ይላል። ድንኳን ከተጣለ ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ። ሦስት ዱባ ከተደረደረ ደግሞ ዱባ ይሸጣል። «የዚህ ቤት እመቤት የፈረንጆችን ጌጥ በስልኳ አይታለች» ብሎ የሚተረጉም አዳሜ አዳማ ውስጥ የለም።

ባለቤቴ «ፎል ዲኮር» ትለዋለች፤ የቅጠል መርገፊያ ወቅት ጌጥ ማለቷ ነው። ነገሩ የጀመረው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ፈረንጅ አገር ቀኑ ያጥርና ዛፉ አረንጓዴ ቀለሙን መሥራት ያቆማል። ከሥር ተደብቆ የኖረው ቢጫ ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ ቅጠሉ ይረግፋል። እነሱም የደጁን አይተው ቤታቸውን በቢጫና በቀይ ቅጠል ያስጌጣሉ፤ ያምርባቸዋል። እኛ ጋ ግን ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ዘመነ ጽጌ ተብሎ ስለ አበባ በሚዘመርበት ሰሞን፣ የኔ ቤት ብቻ ቅጠሉ ረግፎ ተገኘ። ያውም የላስቲክ ቅጠል። እማዬ ከአሰላ ልትጠይቀን መጥታ ነበርና ሌሊት ተነስታ በረንዳውን ጠረገች፤ የጠረገችውንም ጥግ ላይ ሰብስባ አቃጠለችው። «የናንተ አገር ቅጠል ጭሱ ምነው ጎማ ጎማ አለኝ?» አለች። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። ሦስት ቀን ግን ቡና አልተፈላም።

ዱባው ተበላ። ከሁሉም እሱ ብቻ ነው ሥራ ላይ የዋለው።

ኅዳር ላይ ሬትሮ የሚሉት የድሮ ዕቃ ፋሽን ገባ። ሬትሮ በላቲን «ወደ ኋላ» ማለት ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወደ ኋላ መሄድ ገንዘብ የሚያስወጣ አልመሰለኝም። ብርቱካናማና ቡናማ መጋረጃ መጣ፤ እሺ። ከዚያ ፎርማይካ ጠረጴዛ መጣ። ፎርማይካ እ.ኤ.አ. በ1912 አሜሪካ ውስጥ ሲፈጠር የታሰበው ለኤሌክትሪክ ዕቃ መከለያ ነበር፤ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የነገሠው ኋላ ነው። አሰላ እኛም ቤት አንድ ነበረ፤ ጠርዙ የተላጠ፣ የቤት ሥራዬን የሠራሁበት። እማዬ ለቁራሌው ሰጥታ ሁለት ጆግ ተቀብላበታለች። ባለቤቴ ያመጣችው የዚያ መንትያ ነው፤ ጠርዙም ተልጧል። ዋጋው ግን የፋሲካ በግ ያህላል። ለእማዬ በስልክ ብነግራት፣ «ጆጎቹ እስከ ዛሬ አሉ» ብላ ዘጋችው።

ወንበሩ ባይመጣ ይሄም ባልከፋ። ቨርነር ፓንተን የሚባል ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ ያቀረበው ወንበር ባለቤቴን አማራት፤ እግር የለውም፣ እንደ እባብ ተጠማዝዞ የቆመ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ፕላስቲክ። ፎቶውን ለእድራችን ዳኛ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ካዩት በኋላ፣ «አንድ ወጥ ፕላስቲክማ የእድሩም ነው» አሉ። «ደግሞ የኛ አራት እግር አለው።»

ለዚህ ክርክር መልስ አላገኘሁለትም። ባለቤቴ ግን አገኘችለት። ከእድሩ ሁለት ወንበር ተዋሰችና ብርቱካናማ ቀባቻቸው። ከጀርባቸው በቀይ የተጻፈው የእድሩ ስም ሳይቀር ተሸፈነ። እውነቱን ለመናገር ሳሎናችን አማረበት። በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሆነና ወንበር ሁሉ ተጠራ። ከነጩ ሰልፍ መሐል ሁለት ብርቱካናማ ወንበር፣ ከሐዘንተኞቹ ፊት ለፊት። የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ያያቸውና ዞሮ ይቆማል። በመጨረሻ የተቀመጥንባቸው እኔና እሷ ነን፤ ሦስቱንም ቀን። ቅጣቱን አልናገርም።

ልብ ገዛች ብዬ ነበር። ታኅሣሥ ሲጋመስ የገና ዛፍ ቆመና በረዶ ተባለ። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ በረዶ የምናውቀው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ከፍራሽ ሰፊ ባዘቶ ጥጥ ገዝታ ዛፉን አለበሰችው። ችግሩ ቬንትሌተሩ ነው። ሲጠፋ እኛ እንቀልጣለን፤ ሲበራ በረዶው ይዘንባል። አቦሉ ላይ ወረደ፣ ሽሮው ላይ ወረደ። የጎረቤት ሽማግሌ ከነጭ ጢም ጋር ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ሲመጡ ተላጭተው ነበር።

ለገና እማዬ መጣች። አሰላ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለኖረች ስለ ብርድ ማንም አይነግራትም። ዛፉን ዞራ አየችው።

«ምንድን ነው?»

«በረዶ ነው እማዬ» አለች ባለቤቴ።

«በረዶ ገብስ ያጠፋል እንጂ ቤት ያስጌጣል እንዴ?» ብላ ጥጡን በሁለት ጣቷ መዘዝ አደረገችው። ፊቷ ተለወጠ። «ይሄን የመሰለ ጥጥ!» አለችና ከሻንጣዋ እንዝርቷን አወጣች።

በረዶው ከታችኛው ቅርንጫፍ ጀምሮ መቅለጥ ያዘ። በዋዜማው ጫፉ ላይ ብቻ ቀርቷል። ባለቤቴ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ዓይኗ እንዝርቱ ላይ ተተክሏል፤ ስልኳንም አውጥታለች።

«እማዬ፣ ይሄን እንዝርት መደርደሪያው ላይ ባስቀምጠውስ? ሬትሮ እኮ ነው!»

እማዬ እጇን ሳታቆም፣ «ቆይ ልጄ» አለች፣ «መጀመሪያ በረዶውን ልጨርስ።»