ከዓሣው በፊት ወለሉን እዩ

ከሁለት ወር በፊት ቨርጂኒያ የሚኖር ወዳጄ ደወለልኝ። «ቡፌውን ላወጣው ነው» አለኝ። ለካ ቡፌው የቆመበት ቦታ ላይ 180 ጋሎን የሚይዝ የኮራል አኳሪየም ሊተክል አስቧል፤ ኮራል የሚባሉት ድንጋይ ላይ የሚያድጉ የባሕር እንስሳት ከዓሣ ጋር የሚኖሩበት የጨው ውሃ ገንዳ ማለት ነው። ሱቅ ገብቶ አይቶ ልቡ ተሰርቆ ነው የወጣው። አልፈርድበትም። ኮራሎቹ በሰማያዊ መብራት ሥር ሲወዛወዙ፣ ዓሣዎቹ በድንጋዩ መሃል ሽው ሲሉ ያየ ሰው ዋጋ መጠየቅ ይረሳል። የባሕር በር የሌለን ሰዎች ባሕሩን ሳሎን ማስገባት ቢያምረን ምን ይገርማል?

ለባለቤቱ ግን አልተዋጠላትም። የበርሊኑን ቪዲዮ ላከችለት። በዲሴምበር 2022 እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ የነበረው አኳዶም የተባለ ግዙፍ አኳሪየም ፈንድቶ፣ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ መንገድ ድረስ ወጥቷል። ውስጡ 1,500 ገደማ ዓሣ ነበር፤ አብዛኛው አልቋል። የእሱ ገንዳ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም ጥያቄው የሷ ነው ትክክል። እሱ ስለ ዓሣ ቀለም ሲያወራ እሷ ስለ ክብደት ታስባለች።

እስቲ እናስላው። 180 ጋሎን 680 ሊትር ገደማ ነው። የባሕር ውሃ ከንጹሕ ውሃ ስለሚከብድ ውሃው ብቻውን 700 ኪሎ ይደርሳል። ባዶው መስታወት 150 ኪሎ አካባቢ ነው። ድንጋዩ፣ አሸዋውና ማቆሚያው ሲጨመርበት አንድ ቶን ያልፋል። ሳሎን ውስጥ ቪትዝ እንደማቆም በሉት። ያውም ጎማዎቹን ዘርግቶ የቆመ ቪትዝ አይደለም፤ አንድ ካሬ ሜትር በምታህል ቦታ ላይ የተሰበሰበ።

አሜሪካ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ወለል ባብዛኛው በስኩዌር ፊት 40 ፓውንድ እንዲሸከም ተደርጎ ነው የሚሠራው። ይሄ ገንዳ ከዚያ አራት እጥፍ በላይ ይጫናል። ወለሉ በማግሥቱ ይናዳል ማለቴ አይደለም። ግድግዳ ሥር ከክፍሉ መሃል ይሻላል። ኮንትራክተሮች ጆይስት የሚሏቸውን አግዳሚ እንጨቶች አቋርጦ የቆመ ገንዳ ጭነቱን ለብዙዎቹ ያካፍላል። በአንዱ ወይ በሁለቱ ላይ ብቻ የተኛ ግን ያሰጋል። የሚያውቅ ባለሙያ ይየው። የቤዝመንት ኮንክሪት ላላችሁ ደግሞ ግማሹ ጣጣ ቀረላችሁ።

ሻጮች «ትልቁ ለጀማሪ ይቀላል» ይላሉ። እዚህ ላይ እውነታቸውን ነው። ትንሽ ገንዳ ውስጥ አንድ ዓሣ ሞቶ ሳይታይ ካደረ ውሃው ይበላሻል። ብዙ ውሃ ስህተትን ያረጋግታል፤ ሙቀቱም ጨውም ቶሎ አይለዋወጥም። የማልስማማው በቁመቱ ነው። ረጅም ገንዳ ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ ቤት ሲገባ ግን ያስለቅሳል። 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ማለት እጃችሁን እስከ ብብት መንከር ነው። ከዚያ ካለፈ የወደቀ ኮራል ለማንሳት መሰላል ላይ ወጥታችሁ ትንጠለጠላላችሁ። መብራቱም ታች ለመድረስ የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። ወርዱ የሰፋ፣ ቁመቱ ያጠረ ግዙ።

አሁን ስለራሴ ጥፋት። ከትልቁ ገንዳ ሥር ሳምፕ የሚባል ሌላ ትንሽ ገንዳ አለ። ውሃው ከላይ ወደሱ ይፈስሳል፣ ፓምፕ መልሶ ይገፋዋል። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ፓምፑ ሲቆም ውሃው በመመለሻው ቱቦ ወደ ኋላ መሳብ ጀመረ። የቱቦውን አፍ ከውሃው ወለል 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ ነበር የገጠምኩት። የኔ ገንዳም የወዳጄን ያህላል፤ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 11 ሊትር ነው። ወደ 90 ሊትር ወረደ። ሳምፑ የቻለው ግማሹን እንኳ አይሆንም። የቀረውን ምንጣፉ ጠጣው፤ እኔም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ እግሬ አገኘሁት። ቱቦው ላይ፣ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አየር የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ ብበሳ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሳምፑን አትሙሉት። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ፓምፑን ራሳችሁ አጥፉና ውሃው የት እንደሚቆም እዩ።

ሳምፑ ውስጥ ስኪመር ይገባል፤ አረፋ እየሠራ ቆሻሻ የሚለይ መሣሪያ ነው። ጽዋው ውስጥ የሚጠራቀመው ፈሳሽ የቡና አተላ ይመስላል። ሽታውን ግን ባልነግራችሁ ይሻላል። ብዙ ሰው ለውድ ዓሣ ገንዘብ አውጥቶ ስኪመሩ ላይ ይቆጥባል። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ።

የቧንቧ ውሃም አይሆንም፤ ክሎሪኑና መዳቡ ኮራሉን ይጎዳል። በማጣሪያ ያለፈ ውሃ ላይ ጨው እየበጠበጡ በሊትር 35 ግራም አካባቢ ማድረስ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዳው ሲጎድልበት ጨው ያለው ውሃ ይጨምራል። የሚተነው እኮ ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው እዚያው ይቀራል። የጎደለውን በንጹሕ ውሃ ሙሉ።

ቀጥሎ ትዕግሥት ነው። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ደግሞ ይገድላል። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት እስኪቀይሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሊጥ ያለ እርሾ አይቦካም፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ከቆየ ገንዳ አንድ ድንጋይ መዋስ ከጎረቤት እርሾ እንደመዋስ ነው፣ ቀኑን ያሳጥራል። ችግሩ፣ አይፕታዥያ የምትባል እንደ አረም የምትባዛ ተናዳፊ ፍጡርም አብራ ልትመጣ ትችላለች። እሷን ለማጥፋት ብላችሁ ድንጋዩን እንዳትቀቅሉት! ድንጋዩ ላይ ተጣብቀው ሊመጡ የሚችሉ ዞአንቲድ የሚባሉ ኮራሎች አደገኛ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። በእንፋሎቱ ምክንያት ሆስፒታል የገቡ ቤተሰቦች አሉ።

ወዳጄ በመጨረሻ ገንዳውን ቤዝመንት አወረደው። ቡፌው ካለበት አልተነቃነቀም። እንግዳ ሲመጣ «ድንጋይ ነው እንዴ የምታረባው?» እያሉ ያሾፉበታል፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ውሃና ድንጋይ ብቻ ነው ያለው። በየቀኑ የመመርመሪያዋን ብልቃጥ ፎቶ ይልክልኛል። አሞኒያ ካለ አረንጓዴ፣ ከሌለ ቢጫ። ዛሬ ጠዋት ቢጫ ሆና መጣች።

«ልግዛ?» አለኝ።

«ናይትራይቱስ?» አልኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም።